ያልነበረው ምንጭ

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመካት ሳይሆን ኃፍረቴን በልኩ እንድታውቁት ነው። ሃያ ዓመት ካርታ ማንበብ ሳስተምር፣ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ያልለየ ተማሪ ላይ ስቆጣ ኖሬ፣ እናቴ አንድ ቦታ አሳዪኝ ብትለኝ ማሳየት አቃተኝ። ቦታው ከተወለድኩበት ቤት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ እንኳ አይሞላም። ልጅ ሆኜ በየዓመቱ ሄጄበታለሁ። ያጠፋሁት ራሴ ነኝ፤ ያጠፋሁትም በደብተርና በእስክሪብቶ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ልብ ወለድ ልጽፍ ስነሳ ነው። ያሰብኩት የተለመደውን የፍቅርና የኑሮ ታሪክ አልነበረም። የሌለ አገር፣ የሌለ ንጉሥ፣ የሌለ ፍጡር ያለበት፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ከምናብ የተሠራ ዓለም ነበር። ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ሲሰሙ ሳቁብኝ። አንዱ የታሪክ መምህር፣ ሰው ያለውን አገር መች ኖሮ ጨረሰና ነው የሌለ የምትጨምሪበት አለኝ። ነገሩ እኔንም አሳቀኝ፤ ግን አልተውኩትም። እልኸኛ ነኝ።

ማንም ያላስተማረኝ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር እገዛለሁ። በግራው ገጽ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፣ ምንም ሳልጨምር። በቀኙ ገጽ ያንኑ ነገር ወደ እኔ አገር አሻግረዋለሁ። የግራውን «እውነት» አልኩት፤ የቀኙን «ላይ አገር»። ላይ አገር ያልኩበት ምክንያት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ከእንጦጦ ወዲያ ምን እንዳለ ስለማይታየው ነው። ልጅ ሳለሁ ከተራራው ጀርባ ዓለም ያልቃል ብዬ አምን ነበር።

ለምሳሌ በግራው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን አሰልፎ ይጠብቃል። በቀኙ ደግሞ፦ በላይ አገር ሰው ሲሞት ጀሪካኑን ከሰልፉ የሚያነሳ የለም፤ ተራው ሲደርስ ነፍሱ መጥታ ትጠጣለች። በግራ፦ ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከኋላቸው ሲታዩ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። በቀኝ፦ በየማለዳው ወደ ከተማ የሚወርድ፣ ሲመሽ መላጣ ሆኖ የሚመለስ እግር ያለው ደን አለ። በግራ፦ ለአንድ ወረቀት ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ማኅተም ያዥዋ የለችም ተባልኩ። በቀኝ፦ በላይ አገር ማኅተም ያላገኘ ሰው ጥላ የለውም፤ ፀሐይ ላይ ቢቆም መሬቱ ላይ ምንም አይታይም። ይህን የጻፍኩ ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስቄ ሰው ዞሮ አይቶኛል።

የጻፍኩትን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለእናቴ አነብላት ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን ጥንቅቅ ያለ ነው፤ አንድ ቃል ብዘል ታውቃለች። ከአባቴ ጋር ገና ወጣት ሳሉ ከጋሞ ደጋ መጥተው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተቀመጡ። አባቴ ሸማኔ ነበር። አንዱ ክፍል የሽመና ዕቃው ነበር፤ በተረፈችው እኛ እንኖራለን።

ስድስት ዓመቴ ሳለ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እህቴን በሰባኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። አባቴ ቄስ ልጥራ አለ፤ ሕፃን ከጠናበት ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቃል። እናቴ ጉንፋን ነው፣ ሰማንያው ደርሷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ምን አስቸኮለን አለች። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ጡት መያዝ ተወች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ። እናቴ በጣቷ ውሃ እያስነካች ልታርሰው ትሞክር እንደነበር አስታውሳለሁ። ይህኛውን አልፈጠርኩትም። በማግስቱ ልጅቷ ሞተች።

ክርስትና ሳትነሳ ለሞተች ልጅ ፍትሐት አይደረግላትም። ጥሩምባ አይነፋም፣ እድር ድንኳን አይተክልም፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም ቦታ አይሰጣትም። በእኛ ሰፈር፣ በዚያን ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት እንዲህ ነበር። ስምም አልነበራትም፤ ስሟ ሊወጣ የታሰበው በክርስትናዋ ቀን ነውና። አባቴ ለዚያ ቀን ብሎ ትንሽ ነጠላ እየሠራላት ነበር። ጥለቷ ገና አላለቀም። የደረሰውን ያህል ከዕቃው ላይ ቆርጦ አወረደና ጠቀለላት፤ ማለዳ ብቻውን ታቅፏት ወደ ጫካው ወጣ። ዕቃው ላይ የቀረችውን ቁራጭ እናቴ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ አኖረቻት።

እናቴ አራስነቷ ሲያልቅ አባቴ ወስዶ ቦታውን አሳያት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ልጅ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። አባቴም አንድ ቀን እንኳ ተመልሶ አልሄደም። እናቴ ግን በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤልን የካ ሚካኤል ታነግሥና በማግስቱ እኔን አስከትላ ትወጣለች። ከመጨረሻው ቤት በላይ ሦስት መታጠፊያ አለ። ከዚያ ፈፋውን ተሻግረን እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አስደግፈው የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ እንደርሳለን። ከድንጋዩ ተነስተን እርምጃ እንቆጥራለን። ቁጥሩ ሲያልቅ አንድ ዛፍ አለ። ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ዝም እንላለን፤ ፀሐይዋ ስትጠነክር ተነስተን እንወርዳለን።

አንድ ዓመት፣ ለምን ድንጋይ አናቆምባትም ብዬ ጠየቅኳት። ምልክት ያየ ሰው ምን ተቀብሮበታል ብሎ ይቆፍራል አለችኝ። ከዚያ፣ ወደ እኔም ሳታይ፣

«ምልክቷ አንቺ ነሽ» አለች።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ መሄድ ተውኩ። እናቴ ጉልበቷ እምቢ እስኪላት ብቻዋን ተመላለሰች። አባቴ ከሞተ በኋላ እሷም ቀረች።

ልብ ወለዱን ስጽፍ ግን ያ ቦታ መጣብኝ። እንዲያውም አልጠራሁትም ብል ይቀለኛል፤ ጠርቼዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ከድንጋዩ እርምጃዬን ቆጠርኩ፤ ዛፉን አየሁ፤ ቅርፊቱን ዳሰስኩ፤ በየትኛው ወገን መሬቱ ጎርበጥ እንደሚል አየሁ። ሁሉንም በሦስተኛው ደብተር በግራው ገጽ ጻፍኩ፤ ሙሉ ገጽ ሞላው። ከዚያ ወዲህ ላስታውሰው አልደከምኩም። ተጽፏል፤ ምን አደከመኝ?

በቀኙ ገጽ ቦታው «ስማቸው ያልተጠራ ልጆች» የሚኖሩበት ሆነ። ስም ሳያገኙ የሞቱ ልጆች ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መንገደኛ ይጠብቃሉ። ያለፈው ሰው ስም ካወጣላቸው እጁን ይዘው ይሄዳሉ። ዛፉን ቀየርኩት፤ የነበረው ለታሪኩ ግርማ አነሰብኝና ጽድ አደረግኩት። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሆን ነገር ስለነበረኝ ከድንጋዩ በስተቀኝ ወደ ምዕራብ አደረግኩት። በሁለተኛው ረቂቅ አልጣመኝም፤ ወደ ግራ ወሰድኩት። በሦስተኛው እንደገና አዞርኩት። እርምጃውን አርባ አልኩ፤ አርባ ለጆሮ ይጥማል። ከዛፉ በታች ደግሞ ምንጭ አፈለቅኩ። ልጆቹ ምን ይጠጣሉ የሚለው አስጨንቆኝ ነው።

ያንን ምዕራፍ ለእናቴ ያነበብኩላት ቀን ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆየች። ስጨርስ፣ እዚያ ምንጭ የለም አለችኝ። ልብ ወለድ ነው እማዬ፣ የሌለ ነገር ይጨመርበታል አልኳት። የእኔን አነጋገር አሁን ሳስበው ያበሽቀኛል፤ ለአንድ ተማሪ የማስረዳ ነበር የምመስለው። እሷ የቀሚሷን ጫፍ ማጣጠፍ ያዘች።

«እንኳን ጨመርሽላት» አለችኝ። «እኔ ይኸን ሁሉ ዓመት ይጠማታል እያልኩ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ምዕራፍ አልጠየቀችኝም። የሚራመደው ደን አሰልችቷታል፤ ጥላ የሌላቸው ሰዎች ደግሞ የቀበሌ ነገር ነው፣ ተይው ትላለች። ቅዳሜ ሲደርስ የምንጩን አንብቢልኝ ነው። እኔም አነባለሁ። በውስጤ ኩራት ነበር፤ ሐሰት ምን ይሠራል። እናቴን ያሳዘናት ነገር ላይ ሐሳቤን አፍስሼ ማጽናናት የቻልኩ መሰለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ቤት በየቅዳሜው ይደፈርስ ነበር።

ከዚያ ሰፈራችን ለልማት ይፈለጋል ተባለና እንድንነሳ ተነገረን። የደረሰን ቤት የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕቃ መጠቅለል ስጀምር ደብተሮቹ ዐሥራ አንድ ደርሰው አገኘኋቸው። የቀኙን ገጽ ሁሉ ትምህርት ቤት ባለው ኮምፒውተር ገልብጬ ጨርሻለሁ። ደብተሮቹ ለእኔ ከእንግዲህ ክብደት ብቻ ነበሩ።

ሰፈራችን ውስጥ ያለቀ ደብተር አይጣልም፤ ለባለሱቁ ይሰጣል። ማዕዘኑ ላይ ያሉት የስልጤ ሰው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ስኳሩንም በርበሬውንም ሽሮውንም የሚጠቀልሉት በልጆች ደብተር ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እናቶች ሁሉ የልጆቻቸውን ደብተር ተሸክመው ይሄዳሉ። ልጅ ሳለሁ ስኳር ተልኬ የራሴን የቃል ጽሕፈት፣ ከነቀይ እርማቱ፣ ተጠቅልሎበት ይዤ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ምንም አላሰብኩም። ዐሥራ አንዱንም በፌስታል ይዤላቸው ሄድኩ። ጋሼ፣ የመጨረሻዬ ነው አልኳቸው። እሳቸውም የእኔም የመጨረሻዬ ነው፣ ወሩን ከጨረስኩ ምን አለኝ ብለው መረቁኝ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን የመጨረሻውን ሻይ አብረን እንጠጣ ብላ ስኳር ይዛ መጣች። ጥቅሉን ስትፈታው የእኔ ጽሕፈት ነው። የእሷ የብረት በር ሲከፈት እንዴት እንደሚያቃስት፣ ባሏ በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ እያለ እንደማይቀባው የጻፍኩበት ገጽ ነበር። አንብቤላት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ገጹን አጨማድዳ ወደ ከሰሉ ወረወረችው። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ ስኳሩን አማሰልኩ።

አባዶ ስንገባ መጽሐፉን ለአንድ አሳታሚ ሰጠሁት። አራት ወር ቆይቶ መለሰልኝ። አንባቢ እንዲህ ያለውን አይፈልግም፣ ወረቀትም ተወዷል አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ፣ አገሩ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የነበረ ነው የሚመስለው አለ። በዚያ ቃል ለአንድ ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

እናቴ አባዶን አልለመደችም። ልቧ ደክሞ እግሯ ያብጥ ጀመር። አራት ፎቅ ወርዳ መውጣት ስለማትችል ቤቱ ውስጥ ቀረች። ስም ትረሳለች፤ ምሳ መብላቷን ትረሳለች፤ አባቴን ገበያ ሄዶ የቆየ እየመሰላት ትጠይቃለች። እኔ ከትምህርት ቤት በሁለት ሚኒባስ ተጋፍቼ ስመለስ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አገኛታለሁ። በመስኮቱ የሚታየው ሌላ ሕንፃ ነው።

አንድ ቀን ያቺው የብረት በሯ የሚያቃስተው ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጣች። በወሬ መሐል ከድሮው ሰፈራችን በላይ መንገድ ሊወጣ እንደሆነ፣ ዛፉ እየተነቀለ እንደሆነ ነገረችን። ሴትየዋ ስትሄድ እናቴ ጠራችኝና ሳጥኔን ክፈቺ አለችኝ። ከታች፣ ከልብሶቿ ሥር፣ ጥለቷ ያላለቀውን ቁራጭ ነጠላ አወጣች።

«ከእሷ አፈር አንድ ጭብጥ በዚህ አምጪልኝ» አለችኝ። «ስቀበር ከእኔ ጋር ትጨምሪዋለሽ። በእኔ ፍትሐት እሷም ትፈታለች። ሰማንያዋን የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ይህን ስትናገር ምንም አልተምታታባትም። አባቴ ገበያ የሄደ የሚመስላት ሴት አልነበረችም። እኔም ነገ ቅዳሜ ነው፣ አመጣልሻለሁ አልኳት። ቦታውን አውቀው የለ?

መኝታዬ ላይ ጋደም ብዬ መንገዱን በሐሳቤ መሄድ ጀመርኩ። ሦስቱ መታጠፊያ፣ ፈፋው፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ። ከድንጋዩ ግራ ልበል ቀኝ? አርባ እርምጃ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ አርባን ያመጣሁት ለጆሮ ብዬ ነው። ስንት ነበር? ዛፉ ጽድ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ጽድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከምን? ተነስቼ ተቀመጥኩ። ወይራ ነበር ብዬ ባስብ ወይራ ይመጣል፣ ቅጠሉ ከነብርማ ጀርባው። ኮሶ ብል ኮሶ ይመጣል። ብሳና ብል ብሳና። ለመፍጠር የሠለጠነ ጭንቅላት የጠየቁትን ሁሉ ያመጣል፤ የነበረውን ግን አያመጣም። የነበረው በተጻፈበት ገጽ ሰው በርበሬ አስጠቅልሎ ወስዷል።

ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። በትክክል አላስታውሰውም ነው ያልኳት፤ ደብተሩን አላነሳሁም። አልተቆጣችም። አብሬሽ እመጣለሁ፣ እኔ እሱን አልረሳም አለች። ሁለት ጎረምሶች ከፎቃችን ተጠርተው በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወረዷት። ኮንትራት ታክሲ ያዝን። መገናኛን አልፈን ወደ ፈረንሳይ ስንወጣ እናቴ አንገቷን አስግጋ ትመለከት ነበር። ቤታችን የነበረበት በቆርቆሮ ታጥሯል። የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ አለፍነው አልኳት።

ለመኪና የተጠረገ አዲስ መንገድ ስለነበር ታክሲው ከጠበቅነው በላይ ወሰደን። ሦስቱ መታጠፊያ የሉም፤ ተቆርጠው ቀጥ ብለዋል። ፈፋው በድንጋይና በአፈር ተሞልቷል። ባህር ዛፉ በሰፊው ተነቅሎ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈለግኩ፤ ዶዘሩ የገለበጣቸው ሦስት አራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አገኘሁ። እናቴን ደግፌ አንደኛው ላይ አስቀመጥኳት። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኩና፣ እማዬ፣ ከዚህ ወዴት ነው አልኳት።

እናቴ አካባቢውን ተረጋግታ ቃኘችው። ፊቷ ላይ ጥርጥር አልነበረም።

«ምንጩን ፈልጊ» አለችኝ። «ጽዱ ከምንጩ በላይ ነው። አርባ እርምጃ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ እዚህ ምንጭ የለም አልኳት። ድምፄ እሷ የዚያን ቅዳሜ የተናገረችበት ድምፅ ነበር፣ ያንኑ ቃል ነው የተናገርኩት። እሷ ግን የሰነፈ ልጇን እንደምታይ እናት አየችኝ።

«ራስሽ አንብበሽልኝ የለ?» አለች።

ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት የተነቀለውን ጭራሮ ታስር ነበር። ተስፋ መቁረጥ ሰውን ያጃጅላል፤ ሄጄ በዚህ አካባቢ ምንጭ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሴትየዋ ገመዷን ሳትለቅ ሳቀች። ወገቧ ላይ ያሰረችውን የሃይላንድ ጠርሙስ አሳየችኝ፤ ሠላሳ ዓመት ስመላለስ ውሃዬን ከታች ይዤ ነው የምወጣው አለችኝ። ከባህር ዛፉ መሐል ለብቻው የቆመ የቆየ ዛፍስ ታስታውሻለሽ አልኳት። በእጇ ዙሪያውን አሳየችኝ። ጉቶ ነው ያለው ሁሉ፤ የየትኛው ዛፍ ጉቶ እንደሆነ እሷም እኔም አናውቅም።

ከእናቴ ዓይን ተሰውሬ ወደ ግራ አርባ እርምጃ ሄድኩ። ተመልሼ ወደ ቀኝ አርባ ሄድኩ። ከዚያ እንደ ሞኝ ሃምሳም፣ ሠላሳም ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ጎርበጥ ያለ መሬት ልዳስስ ሞከርኩ። ስጨፍን የሚታየኝ ጽዱ ነው፤ ከሥሩ ውሃው ይፈልቃል፤ ልጆቹ ተቀምጠዋል። አምርሬ ጠላኋቸው። በመጨረሻ አንዱ ጉቶ ሥር ተንበርክኬ በእጄ ጫርኩና አንድ ጭብጥ አፈር አባቴ በሸመናት ቁራጭ ቋጠርኩ። የማንም አፈር ነው። የተራራው አፈር ነው።

እናቴ ቋጠሮውን ተቀብላ ፈታችው። ከእሷ ነው ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። አፈሩን በጣቶቿ መሐል ፈተገችው፤ ብናኝ ሆኖ ወደ መዳፏ ወረደ። ደጋግማ ፈተገችው።

«ደረቅ ነው» አለች።

ብናኙን ከመዳፏ ወደ ጨርቁ መለሰች።

«ውሃው ደርቆባታል ማለት ነው።»

ከዚያ አለቀሰች። ለእህቴ ስታለቅስ በሕይወቴ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ስትሞት ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ አላለቀሰችም ነበር። ምንጭ ኖሮ አያውቅም ብላት ለቅሶዋ ይቆማል፤ ግን ምንጩ ከሌለ ጽዱም የለም፣ ጽዱ ከሌለ እጇ ላይ ያለው አፈር የማንም ነው። ሁለቱን ማመዛዘን እንኳ አልቻልኩም። በጋ ስለሆነ ነው፣ ክረምት ሲገባ ይመለሳል አልኳት። አሁንም ፈጠርኩላት። ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

እስከ አባዶ ድረስ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሌላውን ሁሉ እየረሳች ያንን አልረሳችም። ከሥራ ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ላይ ዘንቧል ወይ ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ። ቅዳሜ የምንጩን ምዕራፍ ላንብብልሽ ብላት እጇን አወዛወዘች። ያ ድሮ ነው አለች።

ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። የካ ሚካኤል ቀበርናት። የሰፈራችን እድር ሰዉ ሲበተን አብሮ ስለተበተነ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ባለሱቁ ከየት እንደሰሙ አላውቅም፣ ከሩቅ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ የክርስትና ስሟን ጠሩ። አንድ ስም ብቻ ነበር የሚጠሩት።

አስከሬኑ ከመውረዱ በፊት ከሰው ተለይቼ ቅጥሩ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። ቋጠሮዋን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከቧንቧው ሥር ያዝኳትና ውሃው ገብቶ ጨርቁ እስኪከብድ ጠበቅኩ። ስመለስ መቃብር ቆፋሪው እጄን አይቶ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። አፈር ነው አልኩት።

«አፈር እዚህ መች ጠፋ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ከጎኗ አኖርኩት። ጭቃ ያዘለው ውሃ በአባቴ ጥለት አልፎ ወደ መሬቱ ሲንጠባጠብ ትንሽ አየሁት፤ ከዚያ አፈሩን መለሱበት። በአርባ ዓመት ውስጥ እህቴ የጠጣችው ያ ብቻ ነው። በዚያ አፈር ውስጥ እሷ ከነበረች።